በሬዲዮ የሚበር የጦር አውሮፕላን ሞዴል፦ ስለ አሠራሩ፣ ስለ ማሻሻያውና ስለ ጥገናው ጥያቄና መልስ

በሬዲዮ መቆጣጠሪያ የሚበሩ የጦር አውሮፕላን ሞዴሎችን ስለ መሥራት፣ ስለ ማሻሻልና ስለ መጠገን የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ በየተራ መልስ ሰጥቻለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የአሜሪካውን ፒ-51 ዲ ሙስታንግ በ1 ለ 8 ልኬት እየሠሩ ወይም ሊሠሩ እያሰቡ ስለሆነ ምሳሌዎቼንና ስሌቶቼን በእርሱ ላይ አድርጌያለሁ፤ ስሌቱ ግን ቁጥሩን በመለወጥ ብቻ ለሌላም ሞዴል ይሠራል። አንባቢ ስለ ክብደት ደጋግሜ ማንሣቴን ሊታዘብ ይችላል። ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ ወደ እኔ ከሚመጡት የተሰበሩ አውሮፕላኖች መካከል ብዙዎቹ የተሰበሩት መሬት ሲነኩ ሳይሆን ገና ጠረጴዛ ላይ ሳሉ፣ ክብደት ያለ ቦታው ሲጨመርባቸው ነው።

ጥያቄ፦ ክንፉ ከላይ በሆነ መለማመጃ አውሮፕላን አንድ ዓመት ያህል አብርሬያለሁ። አሁን የመጀመሪያዬን የጦር አውሮፕላን መሥራት እፈልጋለሁ። ልቤ የእንግሊዙ ስፒትፋየር ላይ ነው፤ ጓደኞቼ ግን ሙስታንግ ይሻልሃል ይሉኛል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ ልክ ናቸው፤ ምክንያቱ ግን መልኩ ወይም ዝናው ሳይሆን እግሩ ነው። የስፒትፋየር የማረፊያ እግሮች መነሻቸው ከአካሉ አጠገብ ሆኖ ወደ ውጭ፣ ወደ ክንፉ ጫፍ አቅጣጫ ስለሚታጠፉ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም ሁለቱ ጎማዎች ተቀራርበው ይቆማሉ። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት ቢኤፍ 109 እግሮቹ ከአካሉ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። የሙስታንግ እግሮች ግን ከክንፉ ላይ ራቅ ብለው ተነሥተው ወደ ውስጥ የሚታጠፉ ስለሆኑ ጎማዎቹ የተራራቁ ናቸው፤ ስለዚህም ሞዴሉ በጎን ነፋስ ወይም ወጣ ገባ በሆነ ሣር ላይ በቀላሉ በክንፉ አይወድቅም። በዚህ ላይ የስፒትፋየር ክንፍ ሞላላ በመሆኑ ከመነሻው እስከ ጫፉ ያሉት ጎድኖች አንዱ ከሌላው በቅርጽም በመጠንም ይለያያሉ፤ የሙስታንግ ክንፍ ጠርዞች ከሞላ ጎደል ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ሥራው ለጀማሪ ይቀላል። ሆኖም ከሁለቱም በፊት ክንፉ ከታች በሆነ፣ ኤለሮን (ክንፉ ላይ ያለ፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድል ተንቀሳቃሽ ክፍል) ባለው መለማመጃ ጥቂት ወራት ቢያሳልፉ እመርጣለሁ። ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን እጅዎን ቢለቁለት ራሱን ያቃናል፤ የጦር አውሮፕላን ግን ባስቀመጡት ጎን ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የ1 ለ 8 ሙስታንግ ስንት ኪሎ ሊመዝን ይገባል? እውነተኛውን ክብደት ለ8 አካፍዬ ያገኘሁት ቁጥር ትርጉም አልሰጠኝም።

መልስ፦ ትርጉም ያልሰጠዎት ርዝመት፣ ስፋትና ክብደት በአንድ ዓይነት መንገድ ስለማይቀንሱ ነው። ርዝመት ለ8 ይካፈላል፤ የእውነተኛው አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.28 ሜትር ስለሆነ የሞዴሉ 1.41 ሜትር ይሆናል። የክንፉ ስፋት በ8 ጊዜ 8፣ ማለትም ለ64 ይካፈላል፤ ወደ 21.8 ካሬ ሜትር የነበረው 34 ካሬ ዴሲሜትር ይሆናል። ክብደት ደግሞ በ8 ጊዜ 8 ጊዜ 8፣ ማለትም ለ512 ይካፈላል። ለበረራ የተጫነው ሙስታንግ ወደ 4,175 ኪሎ ይመዝን ስለነበር ስሌቱ 8 ኪሎ ግድም ይሰጣል፤ በዚህ መጠን 8 ኪሎ የሚመዝን ሞዴል ግን ማንም በሰላም የሚያሳርፈው አይደለም። እኛ የምንሄደው በሌላ መለኪያ፣ በክንፍ ጭነት ነው። ሞዴሉ ከነባትሪው 1.9 ኪሎ ቢመዝን በካሬ ዴሲሜትር 56 ግራም ይሸከማል፤ ይህ ለዚህ መጠን ጥሩ ነው። 2.3 ኪሎ ከደረሰ ጭነቱ ወደ 68 ግራም ይወጣል፤ ይበራል፣ ግን ስሕተትዎን አይታገስም።

የ400 ግራሙ ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ላሳይ። ክብደቱ በ21 ከመቶ ሲጨምር፣ ክንፉ አየሩን መያዝ የሚያቅተው ፍጥነት፣ ስቶል የምንለው፣ በ10 ከመቶ ያድጋል፤ ስለዚህ በ10 ከመቶ ፈጥነው ማረፍ ይኖርብዎታል። ጎማው መሬት ሲነካ የሚቀበለው ጉልበት የሚያድገው በክብደቱ ልክና ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ስለሆነ ወደ 46 ከመቶ ይጨምራል። የማረፊያ እግሩን ከክንፉ የሚነቅለው ይህ 46 ከመቶ ነው።

ጥያቄ፦ በፎም ወይስ በባልሳ ልሥራ?

መልስ፦ መብረር ከፈለጉ በፎም፣ መሥራት ከፈለጉ ባልሳ በሚባለው ቀላል እንጨት። ኢፒኦ የሚባለው ፎም ሲመታ ይጎዳል እንጂ አይፈረካከስም፤ ጥገናውም የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ባልሳ ለተመሳሳይ ጥንካሬ ቀለል ይላል፤ ሲሰበር ግን ብዙ ጎድኖች አብረው ይሄዳሉ። ባልሳን ከመረጡ ሁሉም ሉህ አንድ አለመሆኑን ይወቁ። ቀላሉ በኪዩቢክ ሜትር ከ100 ኪሎ በታች ይመዝናል፣ ጠንካራው ወደ 200 ይጠጋል። ስለዚህ ሉሆቹን አንድ በአንድ በኩሽና ሚዛን መዝኜ፣ ቀላሎቹን ለጭራ፣ ጠንካሮቹን ለክንፉ ተሸካሚ እንጨት እለያለሁ። ስለ ማጣበቂያም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ተራው ሱፐር ግሉ ነጩን የማሸጊያ ፎም ያቀልጠዋል፤ ኢፒኦን ግን አያቀልጠውም። እርግጠኛ ካልሆኑ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ሞዴሌን ጨርሼ ሚዛኑን ስፈትሽ ጭራው ይከብዳል። በሥዕሉ ላይ በተመለከተው ነጥብ እንዲቆም አፍንጫው ላይ 180 ግራም እርሳስ ማሰር ሊኖርብኝ ነው። ትክክል ነው?

መልስ፦ ሒሳቡ ትክክል ነው፣ መፍትሔው ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። በዚህ ሞዴል ላይ ከሚዛን ነጥቡ እስከ ጭራው 75 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ ወደ ፊት ክብደት ሊታሰርበት እስከሚችለው ቦታ ግን 30 ሴንቲሜትር ግድም ብቻ ነው። ስለዚህ ጭራ ላይ ያለ 1 ግራም አፍንጫ ላይ 2 ግራም ተኩል ይጠይቃል። ጭራው ላይ በኢፖክሲ ማጣበቂያና በቀለም 20 ግራም ካባከኑ 50 ግራም እርሳስ ይጨምራሉ፤ አውሮፕላኑ በ70 ግራም ከበደ ማለት ነው። ስለዚህ ከእርሳሱ በፊት ጭራ ጋ ያሉትን ሰርቮዎች (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች) ወደ ክንፉ አካባቢ አምጥተው በረጅም መግፊያ ዘንግ ያገናኙ፤ ባትሪው እስከ ሞተሩ ሰሌዳ ድረስ እንዲገፋ ቦታ ይክፈቱለት፤ የጭራውን ጎማ ከነመያዣው ክብደቱ ባነሰ ይተኩ። አንዱ 20 ግራም ሰርቮ ከጭራ ወደ ሚዛን ነጥቡ ሲመጣ ብቻ 50 ግራም እርሳስ ያድንዎታል።

ይህ ጣጣ የሞዴል ብቻ አይደለም። እውነተኛው ሙስታንግ ርቆ እንዲበር ከአብራሪው ጀርባ 85 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 320 ሊትር የሚይዝ የነዳጅ ታንክ ሲጨመርለት ሚዛኑ ወደ ኋላ ስለሄደ፣ አብራሪዎቹ ወደ ውጊያ ከመግባታቸው በፊት ያንን ነዳጅ እንዲያቃጥሉ ይታዘዙ ነበር።

ለመለካት፣ አውሮፕላኑ ከነባትሪው፣ እግሮቹ እንደ በረራው ታጥፈው፣ ተገልብጦ በሁለት ጣት ወይም በሁለት ድጋፍ ላይ ይቀመጥ። የዚህ ክንፍ አማካይ ስፋት 25 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ የሚዛን ነጥቡ ከአማካዩ የፊት ጠርዝ ከ6.3 እስከ 7.5 ሴንቲሜትር ባለው ክልል ውስጥ፣ ማለትም ከ25 እስከ 30 ከመቶ ላይ ይሁን፤ ለመጀመሪያ በረራ ወደ 25ቱ ያድሉ። እኔ በመጀመሪያው ሙስታንጌ ይህን ሁሉ አውቄ፣ ጭራውን ቀለም ከቀባሁ በኋላ ደግሜ ሳልለካ ወደ ሜዳ ወጣሁ። መሬት እንደለቀቀ አፍንጫው ወደ ላይ ማየት ጀመረ፤ አፍንጫውን የሚያነሣውንና የሚያወርደውን የጭራ መሪ፣ ኤሌቬተሩን፣ እስከ መጨረሻው ገፍቼም መነሣቱን አላቆመም፤ ከሦስት ሰው ቁመት ላይ በግራ ክንፉ ተገልብጦ ወረደ። ቤት ተመልሼ ቁርጥራጩን ስመዝን ጭራው ላይ 14 ግራም ቀለም አገኘሁ።

ጥያቄ፦ ሞተር፣ ባትሪና የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ እንዴት ይመረጣሉ?

መልስ፦ ከክብደቱ ይነሡ። ለጦር አውሮፕላን በኪሎ ከ220 እስከ 330 ዋት ይበቃል፤ እኔ 300 እወስዳለሁ። 1.9 ኪሎ በ300 ሲባዛ 570 ዋት ነው። አራት ሴል ያለው የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ በመደበኛው 14.8 ቮልት ስለሚሰጥ፣ 570 ለ14.8 ሲካፈል 38.5 አምፔር ይሆናል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ከዚህ በላይ መጠባበቂያ እንዲኖረው 60 አምፔር የሚችል ይሁን፤ 40 የሚለው በወረቀት ይበቃል፣ በሞቃት ቀን ግን ይቃጠላል። ብራሽለስ በሚባለው፣ ብሩሽ በሌለው ሞተር ላይ ኬቪ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረውን ዙር ያሳያል፤ ለዚህ መጠን 600 አካባቢ ያለው 13 ኢንች ስፋትና 8 ኢንች ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊሄድ የሚችለው ርቀት) ካለው ፕሮፔለር ጋር ጥሩ መነሻ ነው። መነሻ ያልሁት የመጨረሻው ዳኛ ዋት ሜትር ስለሆነ ነው፤ በሙሉ ኃይል ለጥቂት ሰከንድ ለክተው አምፔሩ ከገመቱት ካለፈ ፕሮፔለሩን አንድ ኢንች ይቀንሱ። እንደ እውነተኛው አራት ቅጠል ያለውን ፕሮፔለር የሚወዱ ሰዎች ለመልኩ ሲሉ ጥቂት ብቃት እንደሚያጡ ይወቁት።

ባትሪው 3,300 ሚሊአምፔር ሰዓት ከሆነና 80 ከመቶውን ብቻ ከተጠቀሙ 2,640 ይቀርልዎታል። በአማካይ 20 አምፔር ቢስብ ወደ 8 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሰዓት ቆጣሪውን ግን በ6 ይሙሉት፤ የመጀመሪያ ማረፊያዎ ሳይሳካ ቀርቶ እንደገና መዞር ሊኖርብዎት ይችላልና።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ ትንሽ አብጧል፤ ግን ኃይል ይሰጣል። ጥቂት ጊዜ ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ለመነሣት ጋዝ ስሰጥ ሙስታንጌ በኃይል ወደ ግራ ይዞራል፤ ለማቅናት ስሞክር ደግሞ በአፍንጫው ይደፋል። ሦስት ፕሮፔለር ሰብሬያለሁ።

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች ምክንያታቸው የተለያየ ነው። ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር አካሉን ወደ ግራ ያጋድላል፤ ከፕሮፔለሩ የሚወጣውም አየር እየተጠመዘዘ ሄዶ ጭራውን ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ ጭራው መሬት ላይ ሳለ ደግሞ ወደ ታች የሚወርደው የቀኙ ቅጠል ከግራው የበለጠ ይስባል። ሦስቱም አፍንጫውን ወደ ግራ ይወስዱታል። የእውነተኛው ሙስታንግ አብራሪዎችም ከመነሣታቸው በፊት የራደሩን (አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረውን የጭራ መሪ) ትሪም፣ ማለትም ቋሚ ማስተካከያውን፣ ወደ ቀኝ ያዘጋጁ ነበር። ስለዚህ ጋዙን በአንድ ጊዜ አይስጡ፤ ከሦስት እስከ አራት ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ቀኝ ራደር መሽከርከሩ እንደጀመረ ይያዝ እንጂ ከዞረ በኋላ አይሁን። ሞተሩ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ያን ያህሉን ደግሞ ወደ ታች እንዲያይ ከማሰሪያው ሥር ቀለበት ያስገቡ።

በአፍንጫ መደፋቱ ግን የጎማው ቦታ ጉዳይ ነው። እግሮቹ ወጥተው አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲያዝ የጎማው አክስል ከክንፉ የፊት ጠርዝ ሥር አካባቢ መዋል አለበት። የእርስዎ ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆናል፤ የእግሩን ሽቦ በሞርሳ ይዘው ጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ቢያጥፉት ይሻሻላል። እስከዚያው ለመነሣት ሲሽከረከር ኤሌቬተሩን ጥቂት ወደ ላይ ይያዙ፣ ፍጥነት ሲያገኝ ይልቀቁት።

ጥያቄ፦ የማይታጠፍ እግር ያለውን የፎም ሞዴሌን ታጣፊ እግር ላደርግለት ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ፎም የእግርን ጉልበት አይሸከምም፤ ተሸካሚው እንጨት ወይም የካርቦን ቱቦው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በክንፉ ውስጥ ያለው ተሸካሚ የት እንዳለ በመርፌ ፈልገው ምልክት ያድርጉ። ቀጥለው የመሣሪያውን ቅርጽ በወረቀት አውጥተው፣ ከአዲስ ከተር ጋር በማስመሪያ፣ ከሚያስፈልገው ግማሽ ሚሊሜትር አጥብበው ይቁረጡ፤ ያጠበቡት በብርጭቆ ወረቀት ይሰፋል፣ ያሰፉት ግን አይጠብም። ከዚያ 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ከመሣሪያው ሁለት እጥፍ አስረዝመው ቆርጠው፣ አንዱ ጠርዙ ተሸካሚውን በቀጥታ እንዲነካ አድርገው በ30 ደቂቃ ኢፖክሲ ያጣብቁ። 5 ደቂቃው ፈጥኖ ይደርቃል፣ ግን ፎሙ ውስጥ ሳይዘልቅ ስለሚረጋ ለዚህ ቦታ አልመክረውም። ብሎኖቹ ኮምፔንሳቶው ላይ ከመታሰራቸው በፊት ቀዳዳዎቹ ላይ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ሱፐር ግሉ አፍስሰው ያድርቁ፤ እንጨቱ የብሎኑን ጥርስ አጥብቆ ይይዛል።

የኤሌክትሪክ እግር መጨረሻው ላይ መድረሱን የሚያውቀው አንዳች ነገር ሲገታው የሚስበው ኃይል ስለሚጨምር ነው። በመንገዱ ላይ ጠጠር ወይም የፎም ቁራጭ ካገኘው ደረስሁ ብሎ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ጎማው የሚገባበት ጉድጓድ ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ክፍት ይሁን። የሙስታንግ አንዱ ደስ የሚለው ነገር ጎማው ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ መታጠፉ ነው፤ የሌላው የአሜሪካ የጦር አውሮፕላን፣ የኮርሴር እግር ግን ወደ ኋላ ሲታጠፍ ጎማው 90 ዲግሪ ግድም መዞር ስላለበት ሌላ ጥርስና ሌላ ብልሽት ይዞ ይመጣል። ማሻሻያው ከ100 ግራም በላይ እንደሚጨምርም አስቀድመው ያስቡበት፤ ሣሩ ረጅም በሆነ ሜዳ ለሚያበር ሰው የማይታጠፈው እግር ይበጀዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የፎም ሙስታንጌ በአፍንጫው ወድቆ ከክንፉ በፊት ተቆርጧል፤ የክንፉም ፊት ጠርዝ ተጨፍልቋል። ይጠገናል?

መልስ፦ ይጠገናል። ሥራው የሚጀምረው ሜዳ ላይ ነው፦ በመጀመሪያ ባትሪውን ነቅለው ከሚቃጠል ነገር ሁሉ ርቆ በክፍት ቦታ ያስቀምጡትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁት፤ የተመታ ሊፖ ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ ሊነድ ይችላልና። ቀጥለው ቁርጥራጩን፣ የጥፍር ያህል የሆነውን ሳይቀር፣ በላስቲክ ይሰብስቡ። የተሰበረ ፎም እንደ ተሰበረ ሸክላ መልሶ ይገጥማል፤ ሰዎች ግን ስብራቱን ለማስተካከል በምላጭ ይቆርጡትና መግጠሚያውን ራሳቸው ያጠፉታል።

የተጨፈለቀውን ጠርዝ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ እየነካኩ ቢያነሡት ፎሙ ተመልሶ ይነፋል፤ ጥቂት ቀለም ይላጣል፣ ቅርጹ ግን ይመለሳል። አፍንጫውን መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ ገጥመው፣ ከፊት ሆነው ወደ ጭራው እያዩ ሞተሩ የሚያይበትን ማዕዘን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ኢፖክሲውን በስሱ ቀብተው፣ በወረቀት ፕላስተር አስረው ይተዉት። ሲደርቅ በሁለቱም ጎን ስብራቱን የሚሻገር ቦይ በከተር አውጥተው፣ 3 ሚሊሜትር የካርቦን ዘንግ 15 ሴንቲሜትር ያህል ቀብረው በኢፖክሲ ይሙሉት። ማጣበቂያ ማብዛት ጥንካሬ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ክብደት ነው፤ ደግነቱ አፍንጫ ላይ መሆኑ ነው።

ሞተሩን በእጅ ሲያዞሩት ኩሽኔታው የሚያሽ ድምፅ ካሰማ ወይም ዘንጉ ሲዞር ጫፉ ከተንቀጠቀጠ ይቀየር። ፕሮፔለርን ግን ጭረት ቢኖርበትም አይጠግኑ፤ ይጣሉት።

ጥያቄ፦ የባልሳ ክንፌ ተሸካሚ እንጨት ከመካከል ተሰብሯል። ሁለቱን ጫፎች ገጥሜ በኮላ ባጣብቀውስ?

መልስ፦ ጫፍ ለጫፍ የተገጠመ እንጨት ጥንካሬ የለውም። ሁለቱንም ጫፎች በሰያፍ ይቁረጧቸው፤ የሰያፉ ርዝመት ከእንጨቱ ውፍረት ከ8 እስከ 10 እጥፍ ይሁን፤ 6 ሚሊሜትር ለሆነ እንጨት 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ከተጣበቀ በኋላ በጎንና ጎኑ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ለብጠው፣ የኮምፔንሳቶውን ጫፎች በሾጣጣ ይጨርሱ፤ በካሬ ከጨረሱት ክንፉ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ላይ ይሰበራል። ክንፉን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በመርፌ አስረው ካልሠሩ ተጠማዝዞ ይደርቃል፤ የተጠማዘዘ ክንፍ ደግሞ በየትኛውም ትሪም አይቃናም።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ጊዜ እግሮቹን ሳጥፍ መቆጣጠሪያው ለአንድ ሰከንድ ያህል ይጠፋብኛል። ሬዲዮው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ሬዲዮው ሳይሆን መብራቱ ይመስለኛል። ሰርቮዎቹና መቀበያው ኃይል የሚያገኙት ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ውስጥ ካለው፣ ቢኢሲ ከሚባለው የባትሪውን ቮልት ዝቅ አድርጎ ከሚያድል ክፍል ነው። ስድስት ሰርቮዎችና ሁለት የኤሌክትሪክ እግሮች ባንድ ጊዜ ሲጫኑ 3 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ቢኢሲ ቮልቱ ይወርድበታል፣ መቀበያውም ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ለብቻው የሚሠራ፣ ከ5 አምፔር በላይ የሚሰጥ ቢኢሲ ያስገቡ። እግረ መንገድዎን የመቀበያውን ሁለት አንቴናዎች ይመልከቱ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው የጫፋቸው 31 ሚሊሜትር ነው፤ ያ ክፍል እርስ በርሱ 90 ዲግሪ ሠርቶ፣ ከካርቦንና ከባትሪ ርቆ መቀመጥ አለበት። የርቀት ሙከራውንም ሞተሩ ጠፍቶም እየሠራም ያድርጉ። ግንኙነቱ ቢቋረጥ ሞተሩ እንዲጠፋ መቀበያው መዘጋጀቱን አውሮፕላኑን በሌላ ሰው አስይዘው፣ ማስተላለፊያውን አጥፍተው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ቁልቁል ሳበር ከክንፉ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ይሰማል።

መልስ፦ ያ ድምፅ ኤለሮኑ እየተርገበገበ መሆኑን ይናገራል፤ ወዲያው ጋዝ ቀንሰው አፍንጫውን በዝግታ ያቅኑ። ካረፉ በኋላ ኤለሮኑን በጣት ይዘው ሲያንቀሳቅሱ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ የሚላወስ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። መግፊያ ሽቦውን በሰርቮው ክንድ ላይ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ፣ በኤለሮኑ ቀንድ ላይ ደግሞ ወደ ውጨኛው ያዛውሩት፤ ልቅነቱ ይቀንሳል፣ የሰርቮውም ጉልበት ይጨምራል። ሽቦው ረጅምና ቀጭን ከሆነ በወፍራም ይተኩት፤ ማጠፊያዎቹንም አንድ በአንድ ይሳቡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 15 ዓመቴ ነው። ሙስታንጌን የኖርማንዲን ነጭና ጥቁር ሰንበር ልቀባለት ፈልጌ ነበር። የሰንበሩ ስፋት ስንት ነው? ማንኛውም የሚረጭ ቀለም ይሆናል?

መልስ፦ ጥሩ ምርጫ ነው ልጄ። በሰኔ 1944 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለኖርማንዲው ዘመቻ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ላይ የተቀባው እያንዳንዱ ሰንበር 18 ኢንች፣ ማለትም 45.7 ሴንቲሜትር ስፋት ነበረው። ለ8 ስታካፍለው 5.7 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሰንበሮቹ አምስት ናቸው፤ ሦስቱ ነጭ፣ ሁለቱ ጥቁር፣ ነጩ ዳርና ዳሩን ይይዛል። ብዙዎቹ በችኮላ በብሩሽ የተቀቡ ስለነበሩ ጠርዛቸው ትንሽ ቢዛነፍብህ ታሪኩን አልበደልህም። የሚረጩ ቀለሞች ብዙ ጊዜ ፎምን የሚበላ ማቅለጫ ስላላቸው በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ተጠቀም፤ በስሱ ሁለት ጊዜ ቀባ። የአካሉ ሰንበር የሚያርፈው ከጭራው አቅራቢያ ስለሆነ፣ ከቀባህ በኋላ ሚዛኑን እንደገና ለካ፤ እኔ ያልለካሁትን ከላይ አንብበሃል። ሰርቮ ስታስተካክልም ሆነ ማስተላለፊያውን ስታዘጋጅ ፕሮፔለሩን ሁልጊዜ አውልቀው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳያስጠነቅቅ ይነሣል፣ ጣትም አይምርም።

ጥያቄ፦ በሥዕሉ ላይ ያለውን የጭራ ክንፍ ማስፋት እውነተኛነቱን ያጠፋል ይባላል። የእርስዎ አስተያየት ምንድን ነው?

መልስ፦ አግድሙን ጭራ በ10 ከመቶ ማስፋት ከሦስት ሜትር ርቀት ማንም አያየውም፤ በዝግታ ሲበር ግን አውሮፕላኑ ይረጋል፤ ስለዚህ እኔ አሰፋዋለሁ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ጭራውን ነክተውታል፤ አብራሪው ዙሪያውን እንዲያይ የዲ ሞዴሉ የኋላ አካል ዝቅ ሲደረግ አቅጣጫ መጠበቁ ስለቀነሰ፣ ከቀጥተኛው ጭራ ፊት ተጨማሪ ክንፈ-ዓሣ የመሰለ ቅጥያ ጨመሩበት። ክብደት ሳይጨምር ለማስፋት ግን ቀላሉን ባልሳ መጠቀም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አንድ ግራም እዚያ ሁለት ተኩል እዚህ የሚለው ሒሳብ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ በረራው ይሄድልኛል፤ ለማረፍ ስዞር ግን ክንፉ በድንገት ይወድቃል። ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

መልስ፦ ክንፉ ጫፉ ላይ ጠበብ የሚል አውሮፕላን ፍጥነት ሲያጣ መጀመሪያ የሚለቀው ከጫፉ ነው፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ሲለቅ አውሮፕላኑ ይገለበጣል። የእውነተኛው ስፒትፋየር ክንፍ ጫፉ ከመነሻው ከ2 ዲግሪ በላይ ዝቅ ብሎ የተጠማዘዘውም ለዚህ ነው፤ በሥራ ላይ ያለ ሰው የሞዴሉን ክንፍ ጫፍ 2 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ሊሠራው ይችላል። የእርስዎ ክንፍ ግን አልቋልና፣ ሁለቱንም ኤለሮኖች ገለልተኛ ቦታቸው ላይ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይሞክሩት፤ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ኤለሮኖቹ ወደ ላይ የሚሄዱትም ወደ ታች ከሚሄዱት በእጥፍ ያህል ይሁን።

ከሁሉ በላይ የመጨረሻውን ዙር ሰፊ ያድርጉት፤ ጋዙን አይዝጉት። ብዙ ሰው አውሮፕላኑ ከሜዳው ጫፍ ሊያልፍበት ሲመስለው ኤሌቬተሩን ይስባል፣ ክንፉ የሚለቀውም እዚያ ላይ ነው። ፍጥነቱን በኤሌቬተር፣ ከፍታውን በጋዝ ይያዙ፤ ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ ጥቂት ጋዝ ይኑር። በሚቀጥለው ባትሪ ግን ወዲያው ለማረፍ አይሂዱ፦ ከፍ ብለው፣ ከሰው ርቀው፣ እግርና ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደውን ክፍል) አውጥተው፣ ጋዙን ቀንሰው ክንፉ እስኪለቅ ድረስ ኤሌቬተሩን ቀስ ብለው ይሳቡ። ከመልቀቁ በፊት አፍንጫው ምን ያህል እንደተነሣና ምን ያህል ከፍታ እንደጠፋ ሦስት ጊዜ ካዩ በኋላ ወደ ሜዳው ይምጡ።